ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስለውጠው ድግግሞሹን አንስቻለሁ። መሀል ላይ መብራት የሄደበትን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ለነገሩ ጠቅሞኛል።

እንደምን ዋላችሁ። አንድ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅ፤ እጃችሁን እያወጣችሁ መልሱልኝ። ብራውዘር ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለባችሁ? እሺ፣ ሁላችሁም ናችሁ። ጥገና ቤት ወስዳችሁት “ፎርማት ይደረግ” ያልተባላችሁስ? አንድ እጅ አያለሁ። አንቺን ምን አሉሽ? “ገና አልወሰድኩትም” ነው የምትለው። ይሁን፣ ይቆጠርላት።

እኔም ጠጋኝ ነኝ። “ፎርማት ይደረግ” ስል ነው የኖርኩት። ለምን እንደምንለው እውነቱን ልንገራችሁ። ፎርማት፣ ማለትም ሁሉን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ማሰብ አይጠይቅም። ፍላሽ ትሰካለህ፣ ቡና ልትጠጣ ትወጣለህ፣ ስትመለስ አልቋል። ደንበኛው ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። እውነትም ለሁለት ሳምንት ያህል ይበራል። ያ ሁሉ የተከማቸ ታብ (የተከፈተ ገጽ)፣ ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም)፣ ሳይጠሩት የሚነሣ ፕሮግራም ተጠርጎ ወጥቷላ! በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ኮምፒውተሩም እኛ ጋ ይመለሳል። ያኔ “ቫይረስ አስገብታችሁበት ነው” እንላለን።

ዛሬ የመጣሁት ከመንካታችሁ በፊት እንድታዩ ልለምናችሁ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አሮጌ ኮምፒውተር በብራውዘር ሲታነቅ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ወይ ራሙ፣ ወይ ዲስኩ፣ ወይ የሚያስላው ፕሮሰሰሩ፣ ወይ ምስል የሚሠራው ግራፊክሱ። የቱ እንደሆነ ለመለየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ብርም አያስወጣም።

ከስሙ እንጀምር። ሰው ደውሎ “ላፕቶፔ ስታክ አደረገ” ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። “ካፕስ ሎክን ተጫነው፤ መብራቷ ትበራለች?” ይስቁብኛል። ግን ያቺ ትንሽ መብራት ብዙ ትናገራለች። ቁልፉን ስትጫኑት መልእክቱ ወደ ዊንዶውስ ይሄዳል፤ “አብራ” ብሎ የሚመልሰው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ወዲያው ከበራች ውስጡ ደህና ነው፤ የታመመው ብራውዘሩ ብቻ ነው። ቆይታ፣ ቆይታ ከበራች ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፣ ሸክም ግን በዝቶበታል። ጨርሶ ካልበራች፣ በዚያ ላይ ሲጫወት የነበረው ዘፈን “ድ ድ ድ ድ” እያለ አንድ ቦታ ከተጣበቀ፣ ነገሩ ከብራውዘር በታች ወርዷል። እሱ የድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው)፣ የሙቀት ወይም የተበላሸ ራም ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ያላችሁ መሀለኛው ዓይነት ነው። ማውዙ እየዘለለ ይሄዳል። የጫናችሁት ነገር ከደቂቃ በኋላ ይከፈታል። የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል። እሱ ላይ ልቆይ።

መርካቶ አንድ ሱቅ አስቡ። ከባለሱቁ ፊት ባንኮኒ አለ። በእጁ የሚያገላብጠው ሸቀጥ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ያ ራም ነው። የቀረው ዕቃ ሌላ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ያ ዲስኩ ነው። ባንኮኒው ሲሞላ ባለሱቁ ሱቁን አይዘጋም። ለጊዜው ያልተጠየቀውን ዕቃ በተሸካሚ ወደ መጋዘን ይልካል፣ ሲጠየቅ መልሶ ያስመጣል። ዊንዶውስም ራም ሲሞላበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዘዴው ብልህ ነው። ችግሩ የመጋዘኑ ርቀት ነው።

ምን ያህል ይርቃል? ራም ውስጥ ያለ ነገር ለማንሳት 100 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ይበቃል። የአሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ ብቻ 11 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። አንድ ነገር ፈልጎ ለማምጣት በጥቅሉ 10 ሚሊ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ልዩነቱ 100 ሺህ እጥፍ ነው። ወደ ሱቃችን ስንመልሰው፣ ባለሱቁ ከባንኮኒው ላይ ስኳር ለማንሳት አንድ ሴኮንድ ከፈጀበት፣ መጋዘን ልኮ ለማስመጣት አንድ ቀን ከ4 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላው ሰልፍ አለ። ማውዛችሁ የሚዘለው ይሄኔ ነው።

በነገራችን ላይ ኤስኤስዲ፣ ያ የሚሽከረከር ሳሕን የሌለው ዲስክ፣ ለምን ተአምር እንደሚመስል ከዚሁ ይገባችኋል። በዚያው ስሌት የኤስኤስዲ ደርሶ መልስ 17 ደቂቃ ገደማ ነው። አሁንም ባንኮኒ አይደለም። ግን መጋዘኑ ሰፈር ውስጥ መጣ ማለት ነው።

ታዲያ ብራውዘር ብቻውን ለምን ይህን ሁሉ ባንኮኒ ይይዛል? “ሆዳም ስለሆነ” ይላሉ። እኔ እንደሱ አላየውም። የድሮውን የኢንተርኔት ካፌ ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። አንድ ገጽ ሲበላሽ የተከፈተው ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። የጻፋችሁት ኢሜይል ሳይቀር። ጎግል ክሮምን ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በሴፕቴምበር 2008 ነው። በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 2000 መሆኑ ነው፤ ሚሊኒየም ብለን የጨፈርንበት ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ክሮም የየታቡን ሥራ በየራሱ ፕሮሰስ፣ ማለትም ለብቻው በሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ ለየው። አንድ ቤት ውስጥ ተደባልቆ የሚያድር ቤተሰብ ለየብቻ ክፍል እንደተሠራለት አስቡት። አንዱ ቢታመም ሌላው አይያዝም። ግድግዳ ግን ቦታ ይበላል።

ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 መጀመሪያ ስፔክተር የሚባል የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ወጣ። አንድ ተንኮለኛ ድረ ገጽ፣ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያለ የሌላ ድረ ገጽ ምስጢር አሹልኮ ሊያነብ የሚችልበት ቀዳዳ ነው። የባንክ ገጻችሁና አንድ የማይታወቅ ገጽ በአንድ ክፍል እንዳያድሩ ክሮም በዚያው ዓመት ግድግዳውን አጠናከረው። አንድ ገጽ ውስጥ የገባ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ሳይቀር ለብቻው ክፍል ተሰጠው። ጎግል ራሱ ይህ ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም እንደሚወስድ ተናግሯል። ሌላው ብራውዘር፣ ፋየርፎክስም፣ በኋላ ተከተለ። ስለዚህ አንድ የዜና ገጽ ከፍታችሁ ስድስት ፕሮሰስ ብታዩ አትደንግጡ። አንዱ ዜናው ነው። የቀሩት የሽቶና የጫማ ማስታወቂያ ናቸው።

አሁን አንድ ላፕቶፕ ላሳያችሁ። ባለቤቷ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

ጎረቤቴ ናቸው፤ እትዬ ልበላቸው። ባለፈው ክረምት ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናት። ማታ ማታ በብራውዘር በቪዲዮ ያወራሉ። “አምስት ደቂቃ ሳናወራ ፊቷ ይደርቅብኛል” አሉኝ። “እሷ ‘እማዬ፣ ይሰማሻል?’ ትላለች። እኔ እሰማታለሁ። መልስ መስጠት ግን የለም።” በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ሁለቱንም ጊዜ ፎቶ ጠፍቷል። ሦስተኛውን ፈርተው ነው እኔ ጋ የመጡት።

ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም፣ ያው 5400 ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ልክ እንደሚያደርጉት ብራውዘሩን እንዲከፍቱት ነገርኳቸው። እኔ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ሰው እዚህ ሲደርስ ዓይኑ ከታች የተዘረዘረው የስም መዓት ላይ ይንከራተታል። ተዉት። ከላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ብቻ እዩ። የእትዬ እንዲህ ይል ነበር፦ ፕሮሰሰር 18 በመቶ፣ ሜሞሪ (ራሙ ማለት ነው) 93 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ።

ይህን እንደ ሐኪም አንብቡት። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዲስኩ ግን ላብ በላብ ሆኗል። ሜሞሪው ሞልቷል። ተሸካሚው በባንኮኒና በመጋዘን መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ቫይረስ የለም፣ ዊንዶውስም አልተበላሸም። አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ያው ነው።

ቀጥሎ ክሮም ውስጥ ገብቼ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫንኩ። ብራውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር አለው፤ ብዙ ጠጋኝ እንኳ አያውቀውም። ፋየርፎክስም በሜኑው ውስጥ ሞር ቱልስ ከሚለው ሥር አለው። እዚያ እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን ስንት ሜጋባይት እንደያዘ በስሙ ይታያል። ሜሞሪ የሚለውን ርዕስ አንዴ ስትጫኑት ትልቁ ወደ ላይ ይወጣል።

26 ታብ ነበር። እትዬ ታብ የሚባል ነገር እንደሚዘጋ አያውቁም። ብራውዘሩ ደግሞ “ካቆምክበት ቀጥል” በሚለው ላይ ስለተስተካከለ፣ ሲከፈት 26ቱንም ይዞ ይነሣል። መዝሙር አለ፣ የድፎ ዳቦ አሠራር አለ፣ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ የተከፈተ የአየር መንገድ ትኬት ገጽ አለ። ከላይ የተቀመጠው ግን ታብ አልነበረም። “ዋጋ አነጻጽርልሃለሁ” የሚል ኤክስቴንሽን ነው። “ይህን ማን አስገባው?” አልኳቸው። “ልጄ፣ እኔ ዋጋ የማነጻጽረው ሾላ ገበያ ነው” አሉኝ።

ያደረግኩት ይኸው ነው። የሚፈልጉትን አራት ገጽ ቡክማርክ አድርጌ የቀረውን ዘጋሁ። ኤክስቴንሽኑን አወጣሁ። ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ ከሚለው ገብቼ ሜሞሪ ሴቨርን አበራሁ። ይህ ለጊዜው የማትመለከቱትን ታብ ያስተኛል፤ ስትመለሱበት መልሶ ይጭነዋል። ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘር ውስጥም ተመሳሳዩ አለ። ከዚያ ሲስተም ከሚለው ሥር፣ ብራውዘሩ ከተዘጋ በኋላም ከበስተጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅደውን አጠፋሁ። ሜሞሪው 70 ዎቹ ውስጥ ገባ፣ ዲስኩ ጸጥ አለ። ያን ማታ ከልጃቸው ጋር 40 ደቂቃ አወሩ። ጠዋት መጥተው የነገሩኝ ስለ ላፕቶፑ አልነበረም፤ ልጅቷ መክሳቷን ነው።

በኋላ ላፕቶፑ አንድ ክፍት የራም ቀዳዳ ስለነበረው 4 ጊጋባይት ጨመርንበት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ራም ልትገዙ ስትሄዱ “ዲዲአር 3 ስጠኝ” ብቻ አትበሉ። ለላፕቶፕ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በ1.5 ቮልት የሚሠራ፣ ሌላው መጨረሻው ላይ “ኤል” ፊደል ያለበት፣ በ1.35 ቮልት የሚሠራ። ልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ይገባሉ። እኔ የመጀመሪያውን ገዝቼ፣ “ኤል”ን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ውስጥ ሰካሁ። ስክሪኑ ጨለመ። ሰዓት ሙሉ “ማዘርቦርዱን አቃጠልኩት” ብዬ ስወራጭ ነበር። የድሮውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያስቃል፣ ግን ያድናል። ዊንዶውሳችሁ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጨመር ብር መጣል ነው። ከዚያ በላይ አያየውም።

ወደ ሁለተኛው በሽታ እንለፍ። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ሜሞሪው ደህና ነው፣ ዲስኩ ጸጥ ብሏል፣ ፕሮሰሰሩ ግን 100 ላይ ተሰቅሏል። ፋኑም ይጮኻል። አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ተጨምቆ ነው የሚላከው፤ ኮምፒውተራችሁ መልሶ ይፈታዋል። የመጭመቂያው ዘዴ ደግሞ ይለዋወጣል። የድሮ ላፕቶፖች ኤች 264 የሚባለውን ብቻ የሚፈታ ክፍል ቺፕ ውስጥ አላቸው። ዩቲዩብ ግን ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 የሚባሉትን መላክ ይወዳል። ጠባብ ኔትወርክ ላይ ይሻላሉ፣ እውነት ነው። ኢንቴል ቪፒ 9ን በደንብ የሚፈታ ክፍል ያስገባው ሰባተኛው ትውልድ ላይ ነው፤ ኤቪ 1ን ደግሞ አሥራ አንደኛው ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2020። ከዚያ በፊት ያለ ፕሮሰሰር በጉልበቱ ነው የሚፈታው። ሽንኩርት ያለ ቢላ እንደ መክተፍ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ ዩቲዩብ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ምረጡ። ጥቁር ሳጥን ይመጣል። ኮዴክስ የሚል መስመር አለ። አቪሲ ብሎ ከጀመረ ያ ኤች 264 ነው፤ አሮጌው ማሽን ይወደዋል። ሌላ ከሆነ ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት። ወይ ደግሞ ዩቲዩብ ኤች 264 እንዲልክ የሚያስገድዱ ትንንሽ ኤክስቴንሽኖች አሉ፤ አንዱን ጫኑ። እዚህ ጋ ኤክስቴንሽን አውጡ ብዬ፣ እዚህ ጋ አስገቡ ማለቴ ነው። አዎ። የምታውቁትን አስገቡ፣ የማታውቁትን አውጡ።

ምስሉ ቆሞ ድምፁ ከቀጠለ፣ ወይም ገጹ ጥቁርና ነጭ ቁርጥራጭ ከሆነ፣ ግራፊክሱን ጠርጥሩ። በብራውዘሩ ሴቲንግ፣ ሲስተም ከሚለው ውስጥ ግራፊክስ አክስለሬሽን የሚባል ማብሪያ አለ። በርቶ ከሆነ አጥፉት፣ ጠፍቶ ከሆነ አብሩት፣ ከዚያ ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ጠጋኞች “አጥፋው” ብቻ ነው የምንለው። ድራይቨሩ ደህና በሆነ ማሽን ላይ ግን ማጥፋቱ ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጭነዋል። ሁለቱንም ሞክሩ።

(እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ። “ይኸው ስታክ አደረገ” አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ ቀጠልኩ።)

መልካም። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ዴንታ የለውም። ዴስክቶፕ ቢሆንስ? ብራውዘር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ያያችሁትን ገጽ፣ የተከፈተውን ታብ፣ ሁሉንም ሳያቋርጥ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ፋየርፎክስ የከፈታችኋቸውን ታቦች በየ15 ሴኮንዱ ይመዘግባል። እሱ እየጻፈ እያለ መብራት ድርግም ሲል መዝገቡ ግማሽ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ መዝገብ ፕሮፋይል ይባላል። ፕሮፋይል ሲበላሽ ብራውዘሩ ገና ሲከፈት ይደርቃል፣ ብራውዘሩን አውጥታችሁ መልሳችሁ ብትጭኑትም ያው ነው። ፕሮፋይሉ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ አብሮ አይጠፋም።

ለዚህም ሙከራ አለ። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያለችውን ክብ ተጭናችሁ አዲስ ፕሮፋይል ክፈቱ። በአዲሱ ደህና ከሠራ፣ የተበላሸው አሮጌው ነው። ፋየርፎክስ ደግሞ ሄልፕ ውስጥ ትራብልሹት ሞድ አለው። አንዴ ስትጫኑት ኤክስቴንሽኖችንና የግራፊክሱን ማጣደፊያ ለጊዜው አጥፍቶ ይነሣል። በዚያ ከተሻለው ግማሹን ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ጨረሳችሁ።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ነበር። ላፕቶፑ ብራውዘር ሲከፍት ብቻ ነው የሚደርቀው፣ ወርድ ላይ ምንም አይልም። አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ስሙን አልጠራም። ፎርማት አደረጉለት። ፎርማቱ ራሱ መሀል ላይ ቆመ። እኔ ጋ ሲመጣ ዲስኩን ጆሮዬን ደቅኜ ሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዲስኩ እየሞተ ነበር። ብራውዘር ከሌላው ይልቅ ዘወትር ስለሚጽፍና ስለሚያነብ፣ የተበላሸው ቦታ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ነጋሪ ነበር፤ ጥፋተኛ ተባለ። የጥናቱ ሁለት ምዕራፍ ያንን ፎርማት ተከትሎ ሄደ።

ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤና መዝገብ ይይዛሉ፤ ስማርት ይባላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያነብላችኋል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ፣ ወይም ጆሯችሁ ቀጭታ ከሰማ፣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ፋይላችሁን ገልብጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ብራውዘር፣ ታብ፣ ምናምን በኋላ ይደርሳል።

ሙቀትን በአጭሩ። ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ካልበረደለትም ይጠፋል። ላፕቶፑ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚደርቅ ከሆነ ከታች ዳስሱት። አቧራችንን ታውቁታላችሁ። እና እባካችሁ፣ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አታስቀምጡት። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሆዱ ሥር ነው።

ሶፍትዌሩስ ካረጀ? ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፣ የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መጀመሪያ ቆሟል። አዳዲስ ድረ ገጾች ሲደርቁባችሁ ወይም ባዶ ሲሆኑ ኮምፒውተሩን አትውቀሱ። ዊንዶውስ 10ም በእኛ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። በዊንዶውስ ፈንታ “ሊኑክስ ጫን” የሚሏችሁ ወጣቶች አሉ። እኔም እጭናለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን አንድ ነገር አይነግሯችሁም። ሊኑክስ ራሱ ትንሽ ባንኮኒ ይይዛል እንጂ፣ ክሮም እዚያም ያው ክሮም ነው። 2 ጊጋባይት ራም ላይ ሊኑክስ ሚንትን ጭናችሁ 15 ታብ ብትከፍቱ፣ እዚያም ቀጥ ይልላችኋል።

የማስታወቂያ ማገጃ ግን ሁሉም ላይ ይጠቅማል። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማገጃ ሙሉው ይሠራል። ክሮም ላይ ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ነው የቀረው። ራም ያቀላል፣ የገዛችሁትን የኢንተርኔት ጥቅልም ያቆያል።

ጥያቄ ካለ እንስማ።

(አንዲት ወጣት፣ ስንት ታብ መክፈት እንደሚቻል ጠየቀች።)

ቁጥር የለውም። ባዶ ጽሑፍ ያለበት ሃያ ገጽ፣ አንድ ፌስቡክን ላያክል ይችላል። ሺፍትና ኢስኬፕ ተጫኚና ራሱ ይንገርሽ። 4 ጊጋባይት ከሆነ ያለሽ፣ የቪዲዮ ጥሪ ስታደርጊ ሌላውን ዝጊው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ጭነሽም ከሆነ አንዱን አውጪ።

(ቀጥሎ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በእጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል።)

“ልጄ፣ የኔ ላፕቶፕ ካፕስ ሎኩ ላይ መብራት የለውም። እንዴት ልወቅ?”

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። ብዙ ላፕቶፖች የላቸውም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት አንድ ላይ ይጫኑ። ወዲያው ሌላ ገጽ ከመጣ ውስጡ በሕይወት አለ። ቆይቶ ከመጣም ያው፣ ሸክም ነው። ይዘውት መጥተዋል እንዴ? ያምጡት፣ እንየው።

(መብራት ስላልመጣ በስልክ መብራት ነው የከፈትነው። ሜሞሪው 58 በመቶ፣ ዲስኩ 4 በመቶ ነበር። ሁለት ቪዲዮ አጫወትንበት፤ በሰባተኛው ደቂቃ ፋኑ ጮኸ፣ ምስሉም መንቀርፈፍ ጀመረ። አጥፍቼ ገለበጥኩትና የታችኛውን ክዳን ፈታሁ። ከፋኑ መውጫ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ ድብዳብ ነገር ጎትቼ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል።)

“ጋቢ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ አይደል?” አልኳቸው።

ነገሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ስልኩ መብራት አስጠጉትና አገላብጠው አዩት። “ጋቢ አይደለም” አሉ። “ድመቷ ናት።”